ማስጠንቀቂያ ሰሚ ሲያገኝ፦ ከባንግላዴሽ የሃምሳ ዓመት ልምድ የሚገኝ የአደጋ ዝግጁነት ትምህርት

በተፈጥሮ አደጋ የሚጠፋው የሰው ሕይወት በአደጋው ኃይል ብቻ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ፣ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነዋሪዎች ዛሬም እንደ አያቶቻቸው ዘመን በመቶ ሺህዎች እያለቁ በኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ያን ጊዜ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል የነበረችውን የዛሬዋን ባንግላዴሽ የመታው የባሕር አውሎ ነፋስ ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። በ1991 የመጣው 138 ሺህ ያህል፣ በ2007 የመጣው ደግሞ 3 ሺህ 400 ያህል ሰው የገደለ ሲሆን፣ አምፋን የተባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ በ2020 ሲደርስ ግን በአገሪቱ የሞቱት ሰዎች በአሥሮች የሚቆጠሩ ነበሩ። በእነዚህ ዓመታት ባሕሩ አልረገበም፤ የአገሪቱ ሕዝብም ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ባንግላዴሽ ይህን ለውጥ ያመጣችው ከሀብታሞቹ አገሮች ተርታ ሳትሰለፍ መሆኑ ደግሞ፣ ዝግጁነት የባለጸጎች ጉዳይ ብቻ እንደሆነ ለሚያስብ ሁሉ በጥሞና ሊመረመር የሚገባው ጉዳይ ያደርገዋል።

ሳይክሎን ማለት በሞቃት ባሕር ላይ የሚፈጠር፣ በመሐሉ የአየር ግፊቱ እጅግ ዝቅ ያለ፣ ዙሪያውን ነፋስና ዝናብ ይዞ የሚሽከረከር ግዙፍ አውሎ ነፋስ ነው፤ ይኸው ክስተት በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሲሆን ሃሪኬን፣ በምዕራብ ፓስፊክ ሲሆን ታይፉን ይባላል። የባሕሩ የላይኛው ውኃ ሙቀት ከ26 ወይም ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ብዙ ተን ወደ ላይ ይወጣል፤ ተኑ ቀዝቅዞ ወደ ጠብታ ሲለወጥ የሚለቀው ሙቀት አውሎ ነፋሱን የሚመግብ ጉልበት ይሆናል። ይሁንና በባንግላዴሽ ዳርቻ ከነፋሱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚፈጀው ነፋሱ እየገፋ ወደ የብስ የሚያመጣው ውኃ ነው። የማዕበል ሙላት የሚባለው ይህ ክስተት በዚህ ባሕረ ሰላጤ የሚብስበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ባሕሩ ወደ ሰሜን በሄደ ቁጥር እየጠበበ ስለሚመጣና በዳርቻው ጥልቀት ስለሌለው፣ የተገፋው ውኃ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይቆለላል። የጨረቃ ስበት ከሚያስከትለው ዕለታዊ የባሕር ሙላት ጋር በአንድ ሰዓት ከተገጣጠመ ደግሞ ከፍታው የባሰ ይሆናል።

ይህ ውኃ የሚያርፍበት ምድር ጋንጀስ፣ ብራህማፑትራና ሜግና የተባሉት ታላላቅ ወንዞች ከሂማላያ ተራሮችና ከሰፊው የሕንድ ሜዳ ጠርገው ያመጡትን ደለል እያራገፉ የሠሩት ረባዳ ዴልታ ነው። አብዛኛው ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ጥቂት ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በወንዞቹ አፍ ላይ ቻር ተብለው የሚጠሩ አዳዲስ የደለል ደሴቶች ይፈጠራሉ፤ ይፈርሳሉም። መሬታቸው ለም በመሆኑና ሌላ ቦታ መሬት የሌለው ገበሬ ስለሚጎርፍባቸው፣ አደጋው ከሁሉ በሚከፋበት ሥፍራ የሚሰፍረው ከሁሉ የደኸየው ሰው ነው። ስለዚህ አደጋ የሚለው ቃል በሁለት ነገሮች መጋጠሚያ ላይ የቆመ ነው፤ አንዱ የተፈጥሮው ክስተት ሲሆን፣ ሌላው የሰዎቹ ተጋላጭነት፣ ማለትም የት እንደሚኖሩ፣ በምን ዓይነት ቤት እንደሚያድሩ፣ ማምለጫና መቋቋሚያ ያላቸው መሆን አለመሆኑ ነው። የመጀመሪያውን ማስቀረት አይቻልም፤ ሁለተኛው ግን በሰው እጅ ያለ ነው።

እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 12 እስከ 13 ቀን 1970 ባለው ሌሊት ዴልታውን ያጥለቀለቀው የቦላ ሳይክሎን እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት የሐሩር ክልል አውሎ ነፋሶች ሁሉ እጅግ ብዙ ሰው የገደለው ነው። ታዙሙዲን በተባለው አካባቢ ብቻ ከ167 ሺህ ነዋሪ መካከል ከ45 በመቶ በላይ የሚሆነው አልቋል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን አደጋው ድንገተኛ ያልነበረ መሆኑ ነው፤ ሳተላይቶች አውሎ ነፋሱን በባሕር ላይ ሳለ አይተውት ነበር፣ ሬዲዮም ስለ እርሱ ተናግሯል። ከጥፋቱ በኋላ በተደረገ ጥናት ከአካባቢው ነዋሪ 90 በመቶ ያህሉ አውሎ ነፋስ እየመጣ መሆኑን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበር፣ በጠንካራ ሕንፃ የተጠለለው ግን 1 በመቶ ያህል ብቻ እንደነበር ተደርሶበታል።

በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት የዝግጁነት ጥያቄ ሁሉ ማዕከል ነው። ሰዎቹ ሰምተው ያልተነሡበትን ምክንያት ከስንፍና ወይም ከድንቁርና ጋር ማያያዝ ስሕተት ይሆናል። ቀደም ባለው ወር፣ በኦክቶበር፣ ብርቱ ማስጠንቀቂያ የተነገረለት ሌላ አውሎ ነፋስ የተፈራውን ያህል ጉዳት ሳያደርስ አልፎ ስለነበር የኖቬምበሩ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ እምነት አጥቷል። መልእክቱ ራሱም ማዕበሉ ምን ያህል ከፍ ሊል እንደሚችልና እያንዳንዱ ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት በሚገባ የሚያስረዳ አልነበረም። አምኖ ለመነሣት የፈለገውም ቢሆን ከጭቃና ከቀርከሃ ከተሠራው ጎጆው ወጥቶ የሚሄድበት ጠንካራ ሕንፃ በአቅራቢያው አልነበረውም። መልእክት ደርሶ ካልታመነ፣ ታምኖም መሄጃ ከሌለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ጨርሷል ማለት አይቻልም።

ከጥፋቱ በኋላ በዳካ ይገኝ በነበረው የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት አልፍሬድ ሶመርና ሄንሪ ሞስሊ በተጎዱት አካባቢዎች ያካሄዱት ጥናት በአደጋ ሕክምና ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ያለው ሥራ ነው። ከሞቱት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ሲሆኑ፣ በብዛት የተረፉት ጉልማሳ ወንዶች ነበሩ። ከተረፉት ብዙዎቹ ሌሊቱን ሙሉ የዛፍ ግንድ አቅፈው ከማዕበሉ ጋር ሲታገሉ በማደራቸው፣ የደረታቸውና የክንዳቸው የውስጥ ክፍል ቆዳ ተገሽልጦ ስለተገኘ ሐኪሞቹ ይህን የቁስል ዓይነት የሳይክሎን ምልክት ሲሉ ሰየሙት። ዛፍ አቅፎ ለሰዓታት ለመቆየት የክንድ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ሕመምተኛና ልጅ የታቀፈች እናት ይህ ጉልበት የላቸውም። መከላከያ በሌለበት ቦታ አደጋ ሰውን የሚመርጠው በአቅሙ ነው ማለት ነው።

ይኸው ጥናት ለዕርዳታ ሰጪዎችም የሚበጅ ግኝት ነበረው። ከሩቅ የሚመጣ ዕርዳታ ብዙውን ጊዜ ሐኪምና መድኃኒት ለመላክ ይቸኩላል፤ በቦላ ግን ውኃው የመታው ሰው በአብዛኛው ወይ ሞቷል ወይ ቀላል ቁስል ይዞ ተርፏል። የተረፈው ሰው አጥብቆ ይፈልግ የነበረው ምግብ፣ መጠለያ፣ የሚያርስበት በሬና ዓሣ የሚያጠምድበት ጀልባ ነበር። በየአደጋው ማግስት የሚሰማው ያልተቀበረ ሬሳ ወረርሽኝ ያስነሣል የሚለው ፍርሃትም እንዲሁ ዕርዳታን ከመንገዱ የሚያስወጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ እንዳስገነዘበው፣ በተፈጥሮ አደጋ የሞቱ ሰዎች አስከሬን በአብዛኛው የወረርሽኝ ምንጭ አይሆንም። ስለዚህ ሟቾችን ስማቸው ሳይመዘገብ በጅምላ ለመቅበር መጣደፍ ቤተሰብን ከሐዘኑ በላይ ከማሠቃየት በቀር ጥቅም የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥራ ንጹሕ ውኃ፣ ምግብ፣ መጠለያና የጠፉ ሰዎችን ማገናኘት ነው፤ ምን ያስፈልጋል የሚለውን ጥያቄ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የተጎዳው ሰው ራሱ ነው።

የቦላ ጥፋት ፖለቲካዊ መዘዝም ነበረው። የጄኔራል ያህያ ኻን ወታደራዊ መንግሥት ለተጎጂዎች በፍጥነት አልደረሰም ተብሎ ክፉኛ ተወቀሰ። በወሩ በተካሄደው ምርጫ አዋሚ ሊግ ለምሥራቅ ፓኪስታን ከተመደቡት 162 መቀመጫዎች 160ውን አሸነፈ፤ ከዚያም የ1971 ጦርነት ተከትሎ ባንግላዴሽ ነጻ አገር ሆነች። አዲሱ መንግሥት ገና አመድ ላይ ቆሞ ሳለ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ ያደረገው የሳይክሎን ዝግጁነት ፕሮግራምን ማቋቋም ነበር።

ይህ ፕሮግራም በ1972 በቀይ መስቀል ማኅበራት ሊግ አማካይነት ተጀምሮ ከ1973 ወዲህ በመንግሥትና በአገሪቱ የቀይ መስቀል፣ ኋላም የቀይ ጨረቃ ማኅበር በጋራ የሚመራ ነው። አሠራሩ በዳካ ያለውን የሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ከመጨረሻዋ የደሴት መንደር ጋር የሚያገናኝ የመልእክት ሰንሰለት ነው ማለት ይቻላል። የአየር ጠባይ ትንበያው በሬዲዮ መገናኛ ወደ አውራጃ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያም በየመንደሩ ወደተደራጁ የበጎ ፈቃደኞች ቡድኖች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእግር ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ በእግርና በብስክሌት እየዞሩ በእጅ ድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፣ በእጅ የሚሽከረከር ሳይረን ያስጮኻሉ፣ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይም ቀይ ባንዲራ ይሰቅላሉ። የአደጋው ክብደት በጨመረ መጠን ባንዲራዎቹም ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ይጨምራሉ፤ ሦስት ባንዲራ የታየበት መንደር ሰው ሁሉ ወደ መጠለያ መሄድ እንዳለበት ያውቃል። ለወደብና ለመርከብ ሰዎች የተዘጋጁት ቁጥር ያላቸው የአደጋ ምልክቶች ለገበሬና ለዓሣ አጥማጅ ግልጽ ስላልነበሩ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ከሩቅ አይቶ የሚረዳው ባንዲራ ትርጉሙ ትልቅ ነው።

ፕሮግራሙ ሲጀመር 20 ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች የነበሩት ሲሆን፣ ዛሬ ቁጥራቸው 76 ሺህ ደርሷል። ደመወዝ የላቸውም፤ ሥልጠና፣ የደንብ ልብስ፣ መሣሪያና በማኅበረሰባቸው ዘንድ ክብር አላቸው። ለፕሮግራሙ ስኬት ትልቁ ምክንያት ሊባል የሚገባውም ይኸው ነው። ከዋና ከተማ የሚሰማ የማይታወቅ ድምፅና በስሙ የሚታወቅ፣ ባለፈው ዓመትም መጥቶ አረጋዊት እናትን ተሸክሞ የወሰደ ጎረቤት ድምፅ በሰው ልብ ውስጥ እኩል አይመዝኑም። ሳተላይቱ ትንበያውን ትክክለኛ ሊያደርገው ይችላል፤ የሚታመን የሚያደርገው ግን መልእክተኛው ነው። አውሎ ነፋስ በሌለበት ወቅትም እነዚሁ ሰዎች በየመንደሩ የልምምድ ትዕይንት ያሳያሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ያስተምራሉ፣ ማን ረዳት እንደሚያስፈልገው፣ የትኛው ቤት ውስጥ ነፍሰ ጡር ወይም አካል ጉዳተኛ እንዳለ አስቀድመው ይመዘግባሉ።

ፕሮግራሙ ከተመሠረተ ከ19 ዓመት በኋላ ግን የ1991ዱ ጥፋት መጣ። ኤፕሪል 29 ቀን ቺታጎንግን የመታው አውሎ ነፋስ 6 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የማዕበል ሙላት አስከትሎ 138 ሺህ ያህል ሕዝብ ፈጀ። በዚህ ጊዜ ማስጠንቀቂያው ደርሶ፣ በጎ ፈቃደኞቹም ተልእኳቸውን ፈጽመው ነበር፤ የጎደለው መጠለያ ነው። ከአደጋው በኋላ የተደረገ ጥናት ከጡብ ወይም ከኮንክሪት ወደተሠራ ሕንፃ መድረስ ካልቻሉት ሰዎች 22 በመቶው መሞታቸውን፣ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ውስጥ የገቡት ግን በሙሉ መትረፋቸውን አሳየ። በአደጋ ጥናት ውስጥ እንዲህ ጥርት ያለ ውጤት የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥትና የዓለም ባንክን የመሳሰሉ አበዳሪዎች መጠለያ በመገንባቱ ሥራ ላይ በብዛት ገንዘብ አዋሉ፤ በ1991 በመቶዎች ይቆጠሩ የነበሩት መጠለያዎች ከዓመታት በኋላ ከ4 ሺህ በላይ ሆኑ።

መጠለያዎቹ በወፍራም የኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ፣ ውኃው ሥራቸውን አልፎ እንዲሄድ ምድር ቤታቸው ክፍት የተተወ ሕንፃዎች ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ብልኅነት የሚታይበት ውሳኔ ግን አብዛኞቹ በዓመቱ ሌሎች ቀናት ትምህርት ቤት ሆነው እንዲያገለግሉ መደረጉ ነው። ለክፉ ቀን ብቻ ተሠርቶ ተቆልፎ የሚቀመጥ ሕንፃ ጣሪያው ያፈሳል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለም ይረሳል፤ ልጆች በየቀኑ የሚማሩበት ሕንፃ ግን ይጠገናል፣ ይጠረጋል፣ ወላጅም መንገዱን ያውቀዋል።

የ1991ዱ ጥፋት የገለጠው ሌላው ጉድለት ሴቶችን የሚመለከት ነው። ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 44 በሆኑት መካከል ከ1 ሺህ ሴቶች 71፣ ከ1 ሺህ ወንዶች ደግሞ 15 መሞታቸው ተዘግቧል። ሴቶቹ ያለ ባላቸው ፈቃድ ከቤት መውጣት ነውር ሆኖባቸው እስከ መጨረሻው ጠበቁ፤ መጠለያው ወንዶችና ሴቶች የሚተፋፈጉበት፣ የተለየ መጸዳጃም የሌለው መሆኑ አሳፈራቸው፤ ረጅሙ ሳሪ ልብሳቸው በውኃ ውስጥ እግራቸውን አሰረው፤ ልጆቻቸውንም ሊለቁ አልቻሉም። ለዚህ የተሰጠው ምላሽ ስብከት አልነበረም። በአዳዲሶቹ መጠለያዎች ለሴቶች የተለየ ክፍልና መጸዳጃ ተሠራ፤ በየቡድኑ ሴት በጎ ፈቃደኞች ገብተው በየጓዳው እየዞሩ እናቶችን ራሳቸው ማነጋገር ጀመሩ። ዛሬ ከ76 ሺህዎቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው።

የከብቶቹም ጉዳይ እንዲሁ ነው። አንድ ላም ብቻ ያለችው ገበሬ ላሟን ጥሎ ወደ መጠለያ ላለመሄድ ሲወስን፣ ከተማ ያለ ባለሥልጣን ነገሩን ከእልኸኝነት ሊቆጥረው ይችላል፤ ገበሬው ግን ላሟ ከሞተች ቤተሰቡ ከአውሎ ነፋሱ ተርፎ በረኃብ እንደሚጎዳ ያውቃል። የአገሪቱ መሥራች ሼኽ ሙጂቡር ራህማን በመሪነት ዘመናቸው ያስጀመሯቸውና በስማቸው ሙጂብ ኪላ የተባሉት፣ አፈር እየተከመረ የተሠሩ ጉብታዎች ሰውም ከብትም ከውኃ በላይ እንዲቆይ የታሰቡ ናቸው። በ2020 በአምፋን ጊዜ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ሰዎች ጋር ግማሽ ሚሊዮን ያህል ከብትም ወደ ደህና ቦታ ተወስዷል። ያ ጊዜ የኮሮና ወረርሽኝ የነበረበት በመሆኑ፣ ሰው እንዳይተፋፈግ ትምህርት ቤቶችና ሌሎች ሕንፃዎች ተጨምረው የመጠለያዎቹ ቁጥር ከ12 ሺህ በላይ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለው ፈጣን ማስተካከያ የሚሳካው ሥርዓቱ ለዓመታት ሲለማመድ ለኖረ አገር ነው።

የዝግጁነትን ዋጋ በግልጽ የሚያሳየው ንጽጽር ያለው ግን በጎረቤት አገር ነው። ሲድር የተባለው አውሎ ነፋስ ባንግላዴሽን የመታው በኖቬምበር 2007 ሲሆን፣ ከ40 ሺህ በላይ በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተው እጅግ ብዙ ሕዝብ ከዳርቻው አስነሥተዋል። ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በሜይ 2008፣ ናርጊስ የተባለው በጉልበቱ ከሲድር የማይበልጥ አውሎ ነፋስ በዚያው ባሕር ተነሥቶ የምያንማርን የኢራዋዲ ዴልታ መታ። በሲድር የሞቱት 3 ሺህ 400 ያህል ሲሆኑ፣ በናርጊስ የሞቱትና የጠፉት ግን ከ138 ሺህ በላይ ሆኑ። የሕንድ ሚቲዮሮሎጂ መሥሪያ ቤት ለምያንማር ከ48 ሰዓት በፊት አሳውቆ ነበር፤ ሆኖም በዴልታው መጠለያም፣ የሠለጠነ የመንደር ቡድንም አልነበረም። ከማዕበሉ በኋላም ወታደራዊው መንግሥት የውጭ ዕርዳታ ሠራተኞችን መግቢያ በማዘግየቱ ሥቃዩ ተራዘመ፤ በዚያው ሳምንታት ውስጥ ግን አስቀድሞ የታቀደውን የሕገ መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ አካሂዷል። ሕዝቡን የሚፈራ መንግሥት ለሕዝቡ ቶሎ ሊደርስ እንደማይችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በሁለቱ አገሮች መካከል የነበረው ልዩነት በተፈጥሮ አጥርም ይገለጻል። ሱንዳርባንስ የሚባለው፣ በጨው ውኃ ውስጥ ሥር ሰዶ የሚያድገው የማንግሮቭ ዛፍ ደን የሲድርን ማዕበል በከፊል አብርዶታል፤ በኢራዋዲ ግን ብዙው ማንግሮቭ ለሩዝ እርሻና ለሽሪምፕ ኩሬ ተመንጥሮ ነበር።

የባንግላዴሽ ሥርዓት እንከን የለውም ማለት አይደለም። ሲድር ከመምጣቱ ሁለት ወር በፊት የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ተነግሮ ሱናሚው ሳይመጣ በመቅረቱ፣ አንዳንዶች በኖቬምበር ከቤታቸው አልወጣም ብለው ነበር። ያልደረሰ አደጋ የማስጠንቀቂያን እምነት የሚሸረሽር መሆኑ ከ1970 ጀምሮ የታወቀ ችግር ነው፤ መፍትሔውም ትንበያ ሁልጊዜ የዕድል ስሌት እንደሆነና ሳይነኩ መመለስ ኪሳራ እንዳልሆነ ለሕዝቡ በሰላሙ ቀን በግልጽ ማስረዳት ነው። ከዚህ የከበደው ጉድለት ግን በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ ታየ። የሟቾች ቁጥር 190 ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ማዕበሉ የእርሻ መሬት ከጨው ውኃ የሚከልሉትን የአፈር ግድቦች ስለሰበረ ማሳው በጨው ተበላሸ፤ በደቡብ ምዕራብ አውራጃዎችም ብዙ ቤተሰቦች ከተሰበረው ግድብ ላይ ጎጆ ቀልሰው ለዓመታት ለመኖር ተገደዱ። ሕይወትን ማዳንና ኑሮን ማዳን የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ባንግላዴሽ በመጀመሪያው ተዋጥቶላታል፣ ሁለተኛው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ለዚህ ለሁለተኛው ሥራ በቅርብ ዓመታት ተስፋ ያሳየው ዘዴ ዕርዳታን ከአደጋው በፊት ማድረስ ነው። ቅድመ እርምጃ የሚባለው ይህ አሠራር፣ ትንበያው አስቀድሞ የተስማሙበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ያለ ተጨማሪ ስብሰባ እንዲለቀቅ የሚያደርግ ነው። በ2020 የጃሙና ወንዝ ሊሞላ መሆኑ ሲተነበይ የተባበሩት መንግሥታት የአስቸኳይ ጊዜ ገንዘብ ተለቅቆ ለብዙ ቤተሰቦች ጎርፉ ከመድረሱ በፊት ጥሬ ገንዘብ ደረሳቸው። ኋላ በተደረገ ጥናትም ገንዘቡን ያገኙት ቤተሰቦች ካላገኙት ይልቅ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ የመዋል ዕድላቸው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ከጎርፍ በኋላ ከብቱን በርካሽ የሸጠ ሰው መልሶ ለመግዛት ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ከጎርፉ በፊት የተሰጠ ጥቂት ብር በኋላ ከሚሰጥ ብዙ ብር ሊበልጥ ይችላል።

ይህ የሃምሳ ዓመት ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1973ቱ የወሎ ረኃብ በኋላ የተቋቋመው የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ከባንግላዴሹ ፕሮግራም ጋር በዕድሜ እኩያ ነው፤ የራሱ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም ነበረው። ኮሚሽኑ በማርች 1984 ሚሊዮኖች በረኃብ አፋፍ ላይ እንዳሉ ለለጋሾች አስታውቋል፤ ዓለም ከልቡ የተነሣው ግን ኦክቶበር ላይ የቢቢሲ ቴሌቪዥን የኮረምን ምስል ካሳየ በኋላ ነበር። በዚያው መሐል በአገር ቤት የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድግስ ተከብሯል። በቦላ 90 በመቶው ሰምቶ 1 በመቶው ብቻ እንደተጠለለ ሁሉ፣ በ1984ም የጎደለው መረጃ አልነበረም፤ መረጃውን ወደ እህልና ወደ መኪና የሚለውጥ፣ አስቀድሞ የተቆረጠ ግዴታ ነበር። በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ በየዓመቱ የምግብ እጥረት እንደሚገጥማቸው የሚታወቁ ቤተሰቦች ልመና ሳይጠበቅ ድጋፍ እንዲያገኙ ማድረጉ የዚያ ትምህርት ፍሬ ተደርጎ ሊታይ ይገባዋል።

ዝናብ፣ መሬትና ድንጋይ የሚያመጡት ድንገተኛ አደጋ ግን አሁንም የአገሪቱን የመንደር ነዋሪ ባዶ እጁን ያገኘዋል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ናዳ ቤቶችን ሲቀብር ጎረቤት ሁሉ በአካፋና በእጁ ሊቆፍር ተሯሯጠ፤ በዚያው ቦታ ሁለተኛ ናዳ ወርዶ ሊያድኑ የመጡትን ቀበረ፣ የሟቾቹም ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። የእነዚያ ሰዎች ደግነት ከየትኛውም የባንግላዴሽ በጎ ፈቃደኛ አያንስም። ያልነበራቸው ነገር በዝናብ የረሰረሰ ተዳፋት አንዴ ከተናደ እንደገና ሊናድ እንደሚችል የሚነግራቸው ሥልጠና፣ ከላይ ቆሞ መሬቱን የሚመለከትና ጡሩምባ የሚነፋ አንድ ዘበኛ፣ ለመሸሽም አስቀድሞ የተመረጠ ቦታ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው መነሣታቸው ደግሞ፣ ቦታን አስቀድሞ መልቀቅ በዚህችም አገር የሚቻል መሆኑን አሳይቷል።

ስለዚህ በየተዳፋቱ ሥር ቀበሌ ያላቸው የወረዳ አስተዳደሮች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ መምህራን፣ የእድር ዳኞችና የሃይማኖት አባቶች ቀጣዩ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ተሰብስበው አራት ጥያቄዎችን ሊመልሱ ይገባል፤ ዝናቡ ሲበረታ ለመንደሩ የሚናገረው ማን ነው? ሰው የሚሄደው ወዴት ነው? መራመድ የማይችለውን ማን ይሸከማል? ከብቱስ የት ይውላል? የአደጋ ሥጋት አመራር ተቋማትም ለዚህ ሥራ ሥልጠናና ድምፅ ማጉያ ያቅርቡ፤ ዋጋው ከአንድ የዕርዳታ ጭነት ያነሰ ነው።